አርባ ሁለት ካርድ በአንድ ፌስታል

ስለ ወይዘሮ ሻሺቱ ኦይታ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ ተውኩት። የመጀመሪያው ሪፖርት መሰለ፤ ሁለተኛው ሙገሳ ሆነ፤ ሦስተኛው ደግሞ እርሳቸውን ትቶ ስለ እኔ ማውራት ጀመረ። ይህኛው ከእነዚያ ይሻል እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። በዚያ የምርጫ ቀን ከጠዋት እስከ ምሽት ከአጠገባቸው አልተለየሁም፤ ለተፈጠረው ችግርም ከፊሉ ጥፋት የእኔ ነበር። ስለዚህ መጻፉ ከእኔ የሚጠበቅ ይመስለኛል።

ወይዘሮ ሻሺቱ የሃምሳ ሦስት ዓመት ሴት ናቸው። ከሲቀላ ወጣ ብሎ፣ ከኩልፎ ወንዝ ማዶ ባለ መንደር ይኖራሉ። ሥራቸው ሙዝ ነው፤ ይቆርጣሉ፣ ይሸከማሉ፣ ይጭናሉ። ከጭቃ ቤታቸው አንዷን ክፍል ያከራያሉ፤ እኔም ዶርም ውስጥ ማንበብ አቅቶኝ የወጣሁ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በመሆኔ ለሁለት ዓመት ተከራይቻታለሁ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ተቀምጠው ያየኋቸው ጊዜ በጣት የሚቆጠር ነው። ሲያወሩ እንኳ እጃቸው ሥራ ይፈልጋል፤ ካጣ ደግሞ የግቢውን አፈር በእግራቸው ጣት ይቆፍራሉ። አይሱዙ መኪና ሲመጣ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። የሙዙ ቅጠል ከሥር እንዴት እንደሚነጠፍ፣ ዘለላው በየትኛው ጎኑ ቢተኛ ሳይላላጥ አዲስ አበባ እንደሚደርስ ከእርሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ሾፌሮቹ ሊከራከሯቸው ሲሞክሩ «አንተ መሪውን ያዝ» ይሏቸዋል። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ አንዳንዴ ወንዱን ሴት ያደርጉታል። እኔ ስቄ አላውቅም፤ የእኔ ጋሞኛ ግን ሁልጊዜ ያስቃቸዋል።

እኚህ ሴት በሕይወታቸው አንድም ጊዜ ድምፅ ሰጥተው አያውቁም ነበር። ካርድ ሳይወስዱ ቀርተው አይደለም፤ ወስደዋል። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ «አንቺ ሥራ አለብሽ» ብለው ብቻቸውን ሄዱ። ካረፉ በኋላ ደግሞ የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም ጋሽ ዓለሙ «አታስቢ፣ የቤታችን ነገር በእኔ ነው» አሏቸው። ማንን መረጥሽ ተብለው በተጠየቁ ጊዜ «ሙዙን» ብለው ይመልሱ እንደነበር ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር። ሳቃቸው ግን ቶሎ ይቆም ነበር።

የእኔ ጥፋት የጀመረው ከምርጫው ሁለት ወር ቀደም ብሎ ነው። አንድ የሲቪክ ማኅበር ለመራጮች ትምህርት የሚሰጡ ተማሪዎችን ሲፈልግ ተመዘገብኩ። በሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ ስለዚህ ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩና በዚያው በመንደራችን ዛፍ ሥር ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ፤ ወይዘሮ ሻሺቱ ወደ ጋሞኛ እየመለሱልኝ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ሰው ማዛጋት ጀመረ። በአራተኛው አንድ ሽማግሌ ተኛ። ደነገጥኩ። ወረቀቱን አጠፍኩና ቀና ስል ትልቁን ዛፍና በዙሪያው የተደረደሩትን የመቀመጫ ድንጋዮች አየሁ። ቦታው ዱቡሻ ነው፤ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ የሚመክርበት፣ ክርክርን የሚሰማበትና የሚወስንበት አደባባይ። በዱቡሻ ድምፅ አይቆጠርም፤ ሁሉም እስኪስማማ ድረስ ይነጋገራሉ፤ ከተስማሙም በኋላ አንድ ሰው የሁሉንም ቃል ይዞ ይሄዳል። ይህን በቤተ መጻሕፍት አንብቤ ነበርና፣

«ምርጫ ማለት እኮ እንደ ዱቡሻችሁ ነው» አልኩ።

ወይዘሮ ሻሺቱ ወዲያው አልተረጎሙትም። ዞር ብለው በዝግታ፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«መጽሐፍ ላይ አለ፣ እትዬ።»

ተረጎሙት። የተኛው ሽማግሌ እንኳ ነቃ። ሰው ሁሉ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ፤ አጨበጨቡልኝም። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ ሻሺቱ ዕረፍት አጡ። ሳይነጋ ይወጣሉ፤ መኪና ከመምጣቱ በፊት ሁለት ሦስት ቤት ያዳርሳሉ። ወንዶቹን ብዙም አላነጋገሩም፤ የሄዱት ወደ ሴቶቹ ነው። አንድ ጠዋት አብሬያቸው ጽጌሬዳ ቤት ሄድኩ። ጽጌሬዳ አብራቸው ሙዝ የምትሸከም፣ አፏ የማያርፍ ወጣት እናት ናት።

«ካርዱን ባወጣ ምን አገኛለሁ? ዘይት ያድላሉ?»

«ዘይት የለም።»

«ስኳር?»

«ጽጌሬዳ፣ ሰው ሁኚ! መስኖው ሲዘጋ ማንን ነው የምትሰድቢው?»

«ሁሉንም ነዋ።»

«ካርድ ካለሽ ለይተሽ ትሰድቢያለሽ።»

ጽጌሬዳ ሳቀች፤ በማግስቱም ልጇን አዝላ ሄዳ ተመዘገበች። በዚህ ዓይነት፣ በዛፉ ዙሪያ ካሉት ቤቶች አርባ ሁለት ሰው ካርድ ወሰደ። ከእነዚህ ከእርሳቸው ጋር ሃያ አራቱ ሴቶች ነበሩ፤ ሌሎቹን ሃያ ሦስቱን ያሳመኑት እርሳቸው ናቸው። ለእያንዳንዷ ምርጫ ጣቢያ ገብታ በገዛ እጇ ምልክት እንደምታደርግ ቃል ገብተውላታል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ቃል ነበር። እርሳቸው አንዴ የተናገሩትን ካልፈጸሙ በዚያ መንደር ማንም ሴት ለሁለተኛ ጊዜ አትሰማቸውም፤ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ ራሳቸው ያውቁታል።

የምርጫው ቀን ንጋት ላይ የዘመን መለወጫ ልብሳቸውን ለበሱ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከመደርደሪያው አውርደው ከፈቱት፤ ካርዱን ያስቀመጡት እዚያ ውስጥ ነበር። የለም። ገጹን ገለበጡ። መጽሐፉን ዘቅዝቀው አራገፉት። ወደ ጽጌሬዳ ቤት ሮጥን፤ የእርሷም የለም።

«ትናንት ከሰዓት ጋሽ ዓለሙ ሰበሰቡት እኮ» አለች ጽጌሬዳ። «አንቺ መኪና ላይ ነበርሽ፤ ያንቺንም ከቤትሽ ወሰዱት። ሽማግሌዎቹ ዱቡሻ ተቀምጠው ተስማሙ፤ ጋሼ የሁላችንንም ይዘው ይሄዳሉ፣ አለቀ ተባለ። ተማሪዋስ እንደ ዱቡሻ ነው ብላ የለ?»

ሁለቱም ተመለከቱኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መጀመሪያ ጋሽ ዓለሙን በመንደሩ ሁሉ ፈልገን አጣናቸው። ከዚያ እየተጣደፍን ወደ ምርጫ ጣቢያው ስንሄድ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መንገድ ላይ አገኘናቸው፤ እየተመለሱ ነበር። ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው። በቀኝ እጃቸው ሰማያዊ ፌስታል አንጠልጥለዋል፤ ካርዶቹ በውስጡ ይታዩ ነበር። ፊታቸው ጠቁሯል።

«የአርባ ሁለት ሰው ቃል ይዤ ሄድኩ» አሉ፣ ሰላምታችንን ሳይመልሱ። «ሌላው የራሱን ቃል ብቻ ይዞ ይመጣል፤ እኔ መንደር ይዤ ሄድኩ። ያ አስመራጭ፣ ልጄን የሚያህል፣ ‹አባት፣ ይህ አይሠራም፤ እያንዳንዱ ራሱ ይምጣ› ብሎ መለሰኝ። በሰው ፊት!»

«ጋሼ፣ ልጁ ትክክል ነው» አልኩ። «ሕጉ…»

«አንቺ አይደለሽም እንዴ እንደ ዱቡሻ ነው ያልሽው?»

ወይዘሮ ሻሺቱ እጃቸውን ዘረጉ። «ጋሽ ዓለሙ፣ የእኔን ካርድ ይስጡኝና ልሂድ።»

«አንድ ላይ የተሰጠ ቃል በመንገድ ላይ አይበተንም» አሉ ጋሽ ዓለሙ። «ዱቡሻ ልጠራ ነው። እዚያ እንነጋገር።» ፌስታሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉና አለፉን።

ሰዉ ተጠርቶ እስኪሰበሰብ ሰባት ሰዓት ሆነ። ወንዶቹ በድንጋዮቹ ላይ ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከዳር ቆሙ። በዚያ መንደር ሴት ዱቡሻ ዳር ቆማ ታዳምጣለች እንጂ መሃል ገብታ አትናገርም። ንግግሩ በጋሞኛ ስለሆነ ጽጌሬዳ በጆሮዬ ወደ አማርኛ ትመልስልኝ ነበር። ጋሽ ዓለሙ ተነሥተው መረቁ፤ ዝናሙን፣ ከብቱን፣ ሙዙን፣ የተማረውን ልጅ መረቁ። ከዚያም ፌስታሉን እግራቸው ሥር አስቀምጠው ተናገሩ።

«ቃላችን ተመልሷል። ስለዚህ ቃሉ እዚሁ ይደር። ከእንግዲህ ለብቻው የሚሄድ ሰው ከቃላችን እንደወጣ ይቁጠረው።»

«ይሁን» አሉ ወንዶቹ።

ነገሩ በአንዲት ቃል ሊዘጋ ነበር። በዚያች ቅጽበት ወይዘሮ ሻሺቱ ከአጠገቤ ጠፉ። ቀና ስል መሃል ላይ ቆመው አየኋቸው።

አንድ ወንድ ከኋላ፣ «ሻሺቱ፣ መኪና መጣ እንዴ?» ብሎ ጮኸ፤ ሳቅ ሆነ።

«መኪናው ከመጣ ቆይቷል» አሉ ወይዘሮ ሻሺቱ። «ያልተጫናችሁት እናንተ ናችሁ።»

ሳቁ ጨመረ፤ አሁን ግን ሴቶቹም ሳቁ። ጋሽ ዓለሙ እጃቸውን አነሡ።

«ምን ትያለሽ፣ የወንድሜ ሚስት?»

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ዱቡሻ የሚያልቀው መቼ ነው?»

«ሁሉም ሲስማማ።»

«አንድ ሰው ‹አልተስማማሁም› ቢልስ?»

«አላለቀም» አሉ ጋሽ ዓለሙ።

«እንግዲያው ትናንትም አላለቀም። እኔ አልተጠየቅኩም። እነዚህም አልተጠየቁም።» ወደ ሴቶቹ ዘወር አሉ። «የተጠየቀሽ አለሽ?» አንዲትም አልተናገረችም። «በፌስታሉ ውስጥ ሃያ አራቱ ካርድ የእኛ ነው። ሃያ አራት ሰው ሳትጠይቁ ተስማምተናል አላችሁ።»

ሕጉ የራሳቸው ስለሆነ ሊያልፉት አልቻሉም። ጋሽ ዓለሙ «ነገሩ ተከፍቷል፣ ሰው ይናገር» አሉ።

ያን ጊዜ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ሰዓቴን አየሁ። ምርጫ ጣቢያው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በእግር የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው። ዱቡሻ ግን ሰዓት አያውቅም። ተናጋሪው ሁሉ መጀመሪያ ይመርቃል፤ ከዚያ የቀደመውን ተናጋሪ ያመሰግናል፤ ከዚያ ከአባቱ ዘመን ይጀምራል። አንዱ ስለ መስኖው ቦይ ተናገረ። ሌላው ከአሥር ዓመት በፊት ስለጠፋችው ፍየል አነሣ፤ ከምርጫው ጋር እንዴት እንደምትገናኝ ጽጌሬዳም ልትገልጽልኝ አልቻለችም። ስምንት ሰዓት ሆነ። ዘጠኝ ሆነ። ሴቶችም አንድ በአንድ እየገቡ መናገር ጀመሩ፤ ያም ጊዜ ወሰደ። ቀስ ብዬ ወደ ወይዘሮ ሻሺቱ ተጠጋሁ።

«እትዬ፣ ሰዓቱ እኮ…»

«ዝም በይ። እኔ ከቸኮልኩ ይዘጉታል።»

እኒያ መቀመጥ የማያውቁ ሴት መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው እንደ ሌሎቹ የረጋ ነው። የእግራቸው ጣት ግን አፈሩን ቆፍሮ ቆፍሮ ትንሽ ጉድጓድ አውጥቷል።

አሥር ሰዓት ሲያልፍ ጋሽ ዓለሙ እንደገና ተነሡ። ቁጣቸው በርዷል፤ አሁን የእውነት ግራ የገባው ሰው ይመስሉ ነበር።

«እሺ ሻሺቱ። አሁን እንጠይቅሽ። አንቺ የምትመርጪው ማንን ነው?»

«እሱን አልነግርዎትም።»

ሰዉ አጉረመረመ። «ካልነገርሽን እንዴት አድርገን እንስማማ?» አሉ ጋሽ ዓለሙ።

«በእሱ ላይ አንስማማ» አሉ ወይዘሮ ሻሺቱ። ቆመው ነበር፤ መቼ እንደተነሡ አላየሁም። «እያንዳንዱ የራሱን ካርድ ይዞ ራሱ ይሂድ፤ በዚህ ላይ እንስማማ። ያኔ አስመራጩ የሚመልሰው ቃል አይኖርም። ጋሽ ዓለሙ፣ እርስዎ የአርባ ሁለት ሰው ጭነት ብቻዎን ተሸክመው ነው የወደቁት። ሸክሙን እንካፈልዎት።»

እኔ በዘጠኝ ገጽ ያልቻልኩትን እርሳቸው በገዛ ወጋቸው ውስጥ ቦታ አገኙለት። ጋሽ ዓለሙ ግራና ቀኛቸውን አዩ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይሁን» አሉ።

«ይሁን!» አለ ሰዉ፤ በዚህኛው ውስጥ የሴቶች ድምፅ ነበረበት።

ፌስታሉ ተከፈተ። ስሞቹን እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩ፤ ያን ቀን የሠራሁት የመጀመሪያው ጠቃሚ ነገር ይኸው ነበር። ሠላሳ አንድ ሰው ካርዱን ተቀበለ። አሥራ አንዱ ስጠራቸው መልስ አልሰጡም፤ «ተመርጧል» ስለተባሉ ገሚሶቹ ወደ ገበያ፣ ገሚሶቹ ወደ ማሳ ሄደው ነበር። ወይዘሮ ሻሺቱ በየስሙ «እሷን ያያት አለ?» እያሉ ጠየቁ። ከዚያ ፌስታሉን በወገባቸው መቀነት ውስጥ ሸጎጡት።

ሙዝ ሊጭን የመጣው አይሱዙ ከመንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ሾፌሩ እየተነጫነጨ «ማዘር፣ ሙዙስ?» አለ።

«ሙዙ ይቆይ። ዛሬ የምትጭነው ሰው ነው።»

«ሰው ይላላጣል እንጂ!»

«ቅጠሉን አንጥፌልሃለሁ። አንተ መሪውን ያዝ።»

ሠላሳ አንድ ሰው፣ የጽጌሬዳ ሕፃንና እኔ በሙዝ ቅጠል ላይ ተጭነን ሄድን። ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ነበር። ወረፋው ረጅም ነው፤ በመዝጊያው ሰዓት ሰልፍ ላይ የተገኘ ሁሉ እንደሚመርጥ ግን አስመራጩ ነገረን። ወይዘሮ ሻሺቱ ሴቶቹን እያስቀደሙ ራሳቸው መጨረሻ ላይ ቆሙ።

ጋሽ ዓለሙ ቀድመዋቸው ገቡ። ወረቀቱን ተቀብለው ከመጋረጃው ጀርባ ተሰወሩ፤ ቆዩ። ሰልፉ መንቆራጠጥ ጀመረ። ከዚያም ከመጋረጃው ጀርባ ድምፅ ተሰማ።

«ሰዎች! ትናንት ማንን ነበር ያልነው?»

ምርጫ ጣቢያው በሳቅ ተናጋ። አስመራጩ «አባት፣ እባክዎ፣ እዚያ ውስጥ አይነጋገሩም!» እያለ ተጣደፈ። ወይዘሮ ሻሺቱ ከሰልፉ ጫፍ፣ «ጋሼ፣ እዚያ ውስጥ እርስዎ ብቻ ነዎት!» ብለው ጮኹ። ጋሽ ዓለሙ ሲወጡ አውራ ጣታቸው ቀለም ነክቷል፤ ግንባራቸው ወዝቷል። «ከባድ ነው» አሉ ለማንም ሳይሆን። «የሚጠየቅ ሰው የለም።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ የሰልፉ የመጨረሻ ሰው ገቡ። ወይዘሮ ሻሺቱ ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ አልቆዩም። ሲወጡ ይስቃሉ ወይም ያለቅሳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ከሁለቱም አንዱን አላደረጉም። እጃቸውን መቀነታቸው ላይ አሳርፈው፣ «እነዚህን አሥራ አንዱን ምን ላድርጋቸው?» አሉኝ።

ወደ መንደር እንደተመለስን ቤታቸው አልገቡም። መጀመሪያ የሄዱት ከአሥራ አንዱ አንዷ ወደሆኑት እማማ አበቡ ዘንድ ነው። እማማ አበቡ ከሲቀላ ገበያ ገና መመለሳቸው ነበር፤ ዘንቢላቸውን አላወረዱም። ካርዳቸውን ሲቀበሉ ገልብጠው አዩት።

«ተመርጧል ብለውኝ ሄድኩ እኮ» አሉ።

«አልተመረጠም፣ እማማ። በገዛ እጅዎ እንደሚመርጡ ቃል ገብቼልዎት ነበር፤ ከአርባ ሁለቱ አሥራ አንድ ጎደለብኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «እንደ ዱቡሻ ነው ያልኩት እኔ ነኝ።»

እማማ አበቡ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝ። «አንቺ ልጅ፣ ያነበብሽውን መጽሐፍ የጻፈው ሰው እዚህ መጥቶ ያውቃል?»

«እንጃ፣ እማማ።»

«ታዲያ ሌላው ምርጫ መቼ ነው?»

«ከአምስት ዓመት በኋላ።»

«እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው!» ብለው ሳቁ፤ ወይዘሮ ሻሺቱ ግን አልሳቁም።

«አምስት ዓመት ሙሉ ምን ስንሠራ ልንቆይ ነው?» አሉኝ፤ ጥያቄው የምር ነበር።

የቀበሌ ምክር ቤት ስብሰባ እንደሚያደርግ፣ ነዋሪም ገብቶ ማዳመጥና መጠየቅ እንደሚችል በአንድ ወረቀት ላይ ያነበብኩ መስሎኝ ነበር። በዚያ ቀን ግን «መስሎኝ» የሚለውን ቃል መናገር ፈራሁ። «አጣርቼ እነግርዎታለሁ» አልኩ።

«ስታጣሪ ሰው ጠይቂ። መጽሐፍ አትጠይቂ።» ይህን ብለው አሥሩን ካርድ ይዘው ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ቀበሌው ቢሮ ሄጄ የስብሰባውን ቀን ጠየቅሁ። የተቀበለችኝ ሠራተኛ ደግ ሴት ነበረች፤ ደብተር አገላብጣ ቀኑ ገና እንዳልተቆረጠ ነገረችኝና፣ «ይቅርታ፣ ከዚህ በፊት የጠየቀን ሰው ስለሌለ ነው» አለችኝ። ይህን ለወይዘሮ ሻሺቱ ስነግራቸው ጭነት ላይ ነበሩ። ዘለላውን ቅጠል ላይ አስተኝተው እጃቸውን አራገፉ።

ማክሰኞ አብረን ሄድን፤ ቀኑ አልተቆረጠም። ሐሙስ ሄድን። በዚህ ጊዜ ጽጌሬዳ ልጇን አዝላ ተከተለችን፤ ጋሽ ዓለሙም ከበሩ ውጭ ቆመው ለዘበኛው «እኔ ዝም ብዬ ልይ ብዬ ነው የመጣሁት» ይሉ ነበር።